ከፊልሜ አንወጣም ያሉት ሽማግሌዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካርቱም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ግን አንድ ስልክ ተደወለልኝና ነገሩ እንደ አዲስ መጣብኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ሰው ከሚታዘበኝ ላውራው ብዬ ነው የጻፍኩት።

የማጠናው እንግሊዝኛ ነበር። ግጥምና ልቦለድ አንብቤ የምመረቅ መስሎኝ ስማር ቆይቼ በመጨረሻው ዓመት የፊልም ኮርስ መጣብን። ፊልም እያዩ ማርክ ማግኘት ነው ብለን ተደሰትን። ደስታችን የቆየው መምህራችን የማጠቃለያውን ሥራ እስኪነግሩን ድረስ ነው። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ አጭር ፊልም ሠርታችሁ አምጡ አሉ።

መምህራችን ቀጭን፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ሱዳናዊ ነበሩ። "ሠርግ እንዳታመጡብኝ!" አሉን። "በየዓመቱ ተማሪው ሁሉ ፊልሙን በእልልታ ይጨርሳል። ዘንድሮ በሠርግ ወይም በመተጫጨት የሚያልቅ ፊልም ያመጣ ሰው ኮርሱን ይደግማል።"

መድገም ማለት ለእኔ ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ማለት ነው። እናቴ ያስተማረችኝ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች ነው። ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቶብ ገዝታ፣ አሠሪዋን ሳይቀር ጠርታ ጨርሳለች። ስለዚህ ፊልሜ የግድ በእምቢታ ማለቅ ነበረበት።

ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ምስኪን ስደተኛ ሽማግሌ ይልካል። አባት አልሰጥም ይላል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ልጁ ብቻውን በሰፈራችን በሳጃና መንገድ እየራቀ ይሄዳል። በቃ፣ አለቀ።

ተዋናይ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አባት እንዲሆን አጎቴን ከድርን ያዝኩ። ሳጃና ያለው ቤቱ ሆሽ የምንለው ሰፊ ግቢ ነበረው። ችግሩ አጎቴ በዕድሜው ሰውን እምቢ ብሎ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ "አልሰጥም! አልሰጥም!" ሲል ከረመ። ልጅቷን ሆኜ የምተውነው እኔው ነኝ፤ ሌላ ፈቃደኛ ሴት አጣሁ። የልጁን ቦታ የያዘው ጀማል ነው። ጀማል የወሎ ልጅ ነው፤ ካላክላ ሰፈር ተከራይቶ የቀን ሥራ እየሠራ መንገድ እስኪቀናው ይጠብቃል። የሚናገረው ቃል ስለሌለ ሥራው ማቀርቀር ብቻ ነበር።

ካሜራውን የያዘችው የክፍል ጓደኛዬ ኢሥራ ናት። ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛ አትሰማም። ካሜራው ወንድሟ ሠርግ የሚቀርጽበት ስለሆነ ከመግሪብ በፊት መመለስ ነበረበት።

ሽማግሌዎቹ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ወጣት ጓደኞቼን ፂም ከምለጥፍላቸው ለምን እውነተኞቹን አላመጣም አልኩና ሐጂ ሰዒድን ለመንኳቸው። ሐጂ ሰዒድ በሳጃና ሐበሻ ዘንድ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የተፈላለገ የሚያጋቡ ሰው ነበሩ። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ነጫጭ ጀለቢያ ለብሰውና ከዘራ ይዘው ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሳያቸው በደስታ ልሞት ምንም አልቀረኝ።

"ያላ፣ እንጀምር!" አልኩ።

ሐጂ ቀጥ ብለው ቆሙና "ከድር፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን ደጅህ መጥተናል" አሉ።

አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ "ልጄን ለስደተኛ አልሰጥም! ሂዱልኝ!" አለ።

ሐጂ አልሄዱም። ከዘራቸውን ተደግፈው "ይሁን፣ ግዴለም" አሉት። እኔ ልጅቷን ሆኜ ከቆምኩበት መስኮት ኋላ ሮጬ ወጣሁ።

"ሐጂ፣ እዚህ ላይ እኮ ትወጣላችሁ!"

"ወዴት?"

"እምቢ ተብላችኋላ!"

"ልጄ፣ የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው። ቶሎ እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ብቻ ነው። በዚህ የሚመለስ ሽማግሌ የት አይተሻል?"

ደገምነው። አጎቴ አልሰጥም አለ፤ ሐጂ ደግሞ ዘመድ ማማከር ከፈለግህ ቀጠሮ ስጠን አሉ። እንደገና ሞከርን። ጭራሽ ሦስቱም እየተቀባበሉ የአጎቴን አባትና አያት ደግነት እያነሡ ይማጸኑት ጀመር። አጎቴን ላብ አጠመቀው። "ከት!" እያልኩ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! ኢሥራ የሚባለው ስለማይገባት ሁሉም እንደ ድርሰቴ የሚሄድ መስሏት ትቀርጻለች። "ወላሂ፣ እንዴት ያሉ ተዋንያን ናቸው!" ትለኛለች።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የኢሥራ ወንድም ስልኩን ደጋግሞ ይደውላል። የቀረን አንድ ሙከራ ብቻ ነበር።

"ሐጂ፣ በአላህ!" አልኳቸው። "ካልወጣችሁ እኔ እወድቃለሁ። አልመረቅም። እናቴ ያንን ቶብ ምን ታድርገው?"

ከልባቸው አዘኑልኝ። "ኸላስ፣ ገብቶኛል። ለትምህርትሽ ከሆነ እንወጣለን" አሉ።

ዓይኔን በሽንኩርት አሽቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። አጎቴም ቆርጦ ተነሣ። "አልሰጥም ብያለሁ! አልሰጥም!" ሲል እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ዞሩ። ወደ በሩም ተራመዱ። ተመስገን ልል ስል ቀጥ አሉ። ተመለሱና፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑት ሰው፣ የአጎቴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

አጎቴ እሳት እንደነካው ዘሎ ተነሣ። "ኧረ በአላህ ሐጂ! ምን በወጣኝ! ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ!"

ሦስቱም ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው የቃሉን ማሰሪያ ፋቲሓ ቀሩ። ከግንቡ ማዶ ያሉት ሱዳናውያን ጎረቤቶች ፋቲሓውን ሰምተው እልልታውን አቀለጡት። እኔ በሽንኩርት ዓይኔ መስኮቱ ላይ አነባለሁ። ኢሥራ ካሜራውን ወደ እኔ አስጠጋች፤ ከዚያ ወደ ጀማል አዞረችው። ማቀርቀር የነበረበት ጀማል ቀና ብሎ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። የኢሥራ ወንድም ያን ጊዜ ደርሶ ካሜራውን ተረከበን።

"ሐጂ፣ ምን አደረጉኝ?" አልኩ። አሁን የማለቅሰው የእውነቴን ነበር።

"ለመውጣትስ ወጥቼ ነበር ልጄ፤ እግሬ እምቢ አለኝ" አሉ አፍረው። "በዕድሜዬ እምቢ ተብዬ ተመልሼ አላውቅም። በስተርጅና ልጀምር?"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አል-ማንሺያ ደረሰ። እናቴ ደውላ "ሳልሰማ ልጄን ዳርካት?" ብላ አጎቴ ላይ ጮኸችበት።

"ፊልም ነው እህቴ፣ ፊልም!"

"ፋቲሓ ተቀርቷል ወይስ አልተቀራም?"

እናቴ ለብዙ ቀን አኮረፈችው።

ሌላ የምናስረክበው ስላልነበረን ያንኑ ቆራርጠን፣ ንግግሩን ከሥር በእንግሊዝኛ ጽፈን አስረከብን። ክፍል ውስጥ ሲታይ እኔ ከኋላ እንደ ተከሳሽ ተኮራምቼ ተቀምጬ ነበር። እልልታው ሲሰማ የመምህራችን ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። አለቀልኝ አልኩ።

"ሠርግ እንዳታመጡ አላልኩም?" አሉ መብራቱ ሲበራ።

"ብለዋል፣ ዶክተር።"

ጣታቸውን አነሡ። "ይሄ ግን ሠርግ አይደለም። ይሄ ከበባ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ስለ ልጅቷ እንባ ረጅም ትንታኔ ሰጡን። ሽንኩርት መሆኑን ማን ይናገራል! በመጨረሻ "ሁሉም ግሩም ተውነዋል። ልጁ ብቻ አልተወነም" አሉ። ያኔ ነቀፋ መስሎኝ ነበር።

አለፍኩ። እናቴም ቶቧን ለበሰች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሳጃና ተበተነ። እኔ፣ እናቴና አጎቴ ኮምቦልቻ ገባን፤ አሁን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሐጂ ሰዒድ እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቀሩ። ጀማል የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ፊልሙ ስልኬ ውስጥ አለ። ያ ሆሽ ሲናፍቀኝ እከፍተዋለሁ። ሁላችንም ካርቱምን ለቀን ወጣን፤ ውጡልኝ ብዬ የለመንኳቸው ሽማግሌዎች ግን ዛሬም እዚያው ቆመዋል። እንኳንም አልሰሙኝ።

ሐጂ በየዒዱ ይደውላሉ። ከሰላምታው በኋላ "ያ ልጅ ድምፁ ተሰማ?" ይሉኛል።

"ሐጂ፣ እሱ እኮ ፊልም ነው" እላለሁ።

"አውቃለሁ። ቃሉን የተቀበልነው ግን እኛ ነን" ይላሉ።

ሰሞኑን የደወሉት ሐጂ አይደሉም። ጀማል ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ይዟል። ቁጥሬን ከስንት ሰው ጠይቆ እንዳገኘው ነገረኝ። በመጨረሻ "ሐጂ ደኅና ናቸው?" አለኝ። ደኅና ናቸው አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ ሐጂ ጤና ለመጠየቅ ይደውላል።

ለሐጂ ገና አልነገርኳቸውም። ስነግራቸው ከገዳሪፍም ቢሆን ከዘራቸውን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። የፊታችን ዒድ ሲደውሉ እነግራቸዋለሁ። አጎቴን ግን ከወዲሁ አስጠንቅቄዋለሁ። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገር እንዳያስረዝም።