ቁስል አሳሪያችን በላይ

ጉብታዋን ያዙ የሚለው ትእዛዝ የደረሰን ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ኦጋዴን ውስጥ፣ ድንበሩ ላይ ያለች፣ ስሟን እስከ ዛሬ የማላውቃት ድንጋያማ ጉብታ ናት። ሠላሳ አንድ ነበርን። እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝና ሜዳው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ውሃ ማጣቱ ነው።

ቁስል የሚያስርልን በላይም የዚያው የፎገራ ሰው ነበር፤ እሱ ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው ገጠር፣ እኔ ከወረታ። የሰው ጥፍር እንኳ ቢነቀል ሳያስር አያልፍም። ኮዳውን ለታመመ ይሰጣል። «አንተስ ጠጣህ?» ስንለው «ቅድም ጠጥቻለሁ» ይላል። አለመጠጣቱን እናውቅ ነበር። እያወቅን እንቀበለዋለን።

ሦስት ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን። ከቀኝ በኩል መትረየስ ያዘን። ተኛን። ተነሣን። አምስት ሰዓት ላይ ጉብታዋን ያዝን። ወዲያው ሞርታር ይወርድብን ጀመር። እኔን ጭኔ ላይ ፍንጣሪ አገኘኝ። በላይ በደረቱ እየተሳበ መጥቶ አሰረኝ። የሱሪው አንድ እግር በደም ርሷል።

«የማን ደም ነው?»

«የብዙ ሰው ነው። ዝም ብለህ ተኛ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁስለኛ የሚያነሣ መኪና ከጉብታዋ ሥር ደረሰ። መቶ አለቃው በላይን አዩት። «አንተም ታነክሳለህ፤ ተሳፈር» አሉት።

«የኔ ጭረት ነው ጌታዬ። እነሱ ይሂዱ» አለ።

ሄድን። መኪናው ላይ ገና አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር።

በላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሙ ፈስሶ አለቀና ሞተ። የተመታው ከጉልበቱ ኋላ ነበር። እዚያ የቀሩት ጓዶቻችን ቦርሳው ውስጥ ያልተፈታ ፋሻ አገኙ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ወላጆቼ ቤት ጥቂት ቀን እንዳረፍሁ እናቱን ላረዳ ቁሐር ወረድሁ። መርዶው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል። አልቅሰን ስናበቃ እናቱ «ድሮም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። «ወባ እያንቀጠቀጠው የጎረቤት ማሳ ሲያርም ይውል ነበር።»

እሳቸውም ጉልበታቸው አብጦ መቆም አቅቷቸዋል።

«እማማ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃው ቢገቡ ይሻልዎት ነበር» አልኋቸው።

«ዳጉሳው ታርሞ ይለቅ እስቲ።»

ልቆጣ ቃጣኝ። ግን የኔም ጭን እንደገና መግል ይዞ ሳለ ከወላጆቼ ደብቄው ነበር። እኛ አገር ቆሞ የሚሄድ ሰው ታመምሁ ማለት ያፍራል። እኔማ ጓደኛዬ አፈር ገብቶ እኔ ልታከም ማለቱ ነውር ሆኖብኝ ነበር። ሱሪዬን ገልጬ አሳየኋቸው። «ብቻዬን አልችልም፤ ይዘውኝ ይሂዱ» አልሁ።

ለራሳቸው እንቢ ያሉትን ለኔ ሲሉ በማግስቱ በቅሎ አስጫኑ። ፍል ውሃው ሰባት ቀን ሰነበትን። ለጠየቀን ሁሉ እሳቸው «ይህን ልጅ ላስታምም ነው» ይላሉ፤ እኔም «እማማን ይዤ ነው» እላለሁ። ሁለታችንም ተሻለን።

ከሠላሳ አንዳችን ዘጠኝ ሞተዋል። ለስምንቱ ማንም ምንም ሊያደርግላቸው አይችልም ነበር። በላይን ግን ከመኪናው ላይ ሆኜ «ያለ አንተ አልሄድም፣ ና» ብለው ኖሮ፣ ለራሱ ባይሆን ለኔ ሲል ይመጣ ነበር።