ሆዳን ያነበበችው ወረቀት

በር ላይ ደርሶ የሚቆም የመኪና ሞተር ድምፅ ስሰማ፣ ዛሬም ልቤ ጅጅጋ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ይሸመጥጣል። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። በሰፈራችን መኪና ሲቆም እናቴ፣ ሆዮ ነበር የምንላት፣ ሬዲዮኑን ቀንሳ ማን ቤት እንደቆመ ታዳምጥ ነበር፤ ሰው ይወሰድ ነበር፣ የት እንደተወሰደም አይጠየቅም ነበር።

አባባ ከወሎ መጥቶ ከሆዮ ጋር ትዳር የመሠረተ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። በበጋው፣ አቧራው የክፍሉን መስኮት በሚደበድብበት ወር፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ ስለ እኩልነት ሕልሙ ለሕዝብ ያደረገውን ዝነኛ ንግግር ለአሥረኛ ክፍሎች በካሴት ያሰማቸው ነበር። ታላቅ እህቴ ሆዳን ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ ካሴቱን ቤት አምጥታ፣ ቃሉ የማይገባኝን እኔንም አጠገቧ አስቀምጣ ደጋግማ ትሰማው ነበር። «ሰውዬው እኮ ሳይፈራ አይቀርም» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ግን ፈርቶም ይናገራል።»

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ እንድትናገር ተመረጠች። አባባ ፈተና ሊያርም በሄደበት ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ንግግሯን በሶማሊኛ ስትጽፍ ያየኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። በበዓሉ ቀን ባለሥልጣናቱ ፊት ወጥታ፣ «ልጇ የታሰረባት እናት፣ ልጄ የት ነው ብላ ስትጠይቅ መልስ የምታገኝበት ከተማ እንዲኖረን አልማለሁ» ብላ አነበበች። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዲት አሮጊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ሆዮ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው።

በሳምንቱ ምሳ እየበላን ሳለ መኪናው እኛ በር ላይ ቆመ። ሁለት ታጣቂዎችና ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ገቡ፤ ሰውየው ሆዳን በበዓሉ ያነበበችውን ወረቀት አውጥቶ «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለ። ሆዳን ልትነሳ ስትል፣ አባባ ትከሻዋን ተጭኖ አስቀመጣት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«መምህር፣ በአንተ ሶማሊኛ እንኳን ንግግር ሊጻፍ ፍየል አይገዛበትም» ብሎ ሰውየው ሳቀ።

«በአማርኛ ነግሬያት ነው። ልጅቷ ያልኳትን ነው ያነበበችው።»

ሰውየው ዞሮ እኔን ሲያየኝ፣ ቃል እንዳያመልጠኝ የጎረስኩትን ሩዝ ሳልውጥ ቀረሁ። አባባ እጁን ታጥቦ፣ ጫማውን አድርጎ አብሯቸው ወጣ።

ክረምቱን ሙሉ ሆዮ ምግብ ቋጥራ ከእስር ቤት እስር ቤት ትዞር ነበር፤ ሁሉም ጋ «እዚህ የለም» ይሏት ነበር። ሆዳን ከሰው ጋር መነጋገር አቆመች፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ጓዳ ገብታ ትቀመጥ ነበር። አባባ የተመለሰው በተከታዩ በጋ ነው፣ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎት። ሆዳን እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ «ተይ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ነበር የጻፍሽው» ብሎ አነሳት። እስር ቤት ስለደረሰበት ግን አንድም ቀን አልነገረንም።

አሁን እኔም በዚያችው ከተማ አስተምራለሁ። እኛ በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ እናወራ ነበር፤ ተማሪዎቼ ግን ያንን የሰባኪውን ንግግር አንብበው ስለ ራሳቸው ሕልም እየተሳሳቁ፣ እየተጯጯሁ ይከራከራሉ። ባለፈው፣ ድሮ ይህን መናገር ያስፈራ እንደነበር ስነግራቸው፣ አንዲት ልጅ «ምኑ ነው የሚያስፈራው፣ ቲቸር?» ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ። ስላልገባት ደስ አለኝ፤ ላስረዳትም አልሞከርኩም።