ከመብራቷ ሥር የተጻፈው

ጦር ኃይሎች አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው አለ፤ ባለፈው ሳምንት ልጄ ብትጨቀጭቀኝ የእናቴን የጠረጴዛ መብራት ይዤለት ሄድኩ። ጃንጥላ የያዘች የሸክላ ሴት ናት፤ አምፖሏ ከጃንጥላው ሥር ነው። ሰውየው ሰማያዊ ቀሚሷን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ፣ የተሰነጠቀ ክንዷን መርምሮ ሲያበራት፣ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ ሊያነብ ገልብጧት መነጽሩን ሲፈልግ ግን ከእጁ ተቀበልኩና በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ምን ብሎኝ ይሆን?

መብራቷን ለአባቴ የሰጡት በሹፍርና ያገለገላቸው ሽማግሌ ጣሊያን ናቸው፤ አብዮቱ ሲመጣ ቤታቸውን ዘግተው አገራቸው ገቡ። ኮልፌ፣ ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለች ወይዘሮ መቀመጧ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቅ ነበር። እኔ ግን የአንገቷን አያያዝ እየኮረጅኩ ሽቅብ ሽቅብ እያየሁ ስራመድ ስንቴ ደፍ አደናቅፎኛል። አባቴ ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ የሚያጠናው በእሷ ብርሃን ነበር፤ ለእኔም ተረት የሚያነብልኝ እዚያው ነው።

በአንድ ክረምት የሙሉጌታ ጓደኞች እየታፈሱ ማለቅ ጀመሩ። እናቴ ጎጃም አጎቱ ጋ ሄዷል ብላ አስወራች፤ እሱ ግን ጓዳ፣ ማገዶ ከተቆለለበት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍተት ይውል ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። ማንም ቢጠይቀኝ ጎጃም ነው እንድል ተመክሬ፣ ሳልሳሳት እል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት የአብዮት ጥበቃዎች ለፍተሻ መጡ። አለቃቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚኖር፣ ሚስቱን እናቴ ያረሰቻት ሰው ነው፤ ሳያፍር አልቀረም፣ ፍራሹን ገለጥ አድርጎ፣ ጓዳውንም ከበር አየት አድርጎ ሊወጣ ዞረ። በሩ ጋ ሳይደርስ መብራቷን አነሳና ገለበጣት። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን አይቶ ምን እንደሚል ጠየቀ። እናቴ እንደማታውቅ ነገረችው።

እኔ አውቅ ነበር። አለማወቃችን አሳፈረኝ።

«በእጅ የተሠራ ነው የሚለው» አልኩት። «ትናንት ወንድሜ አንብቦልኛል።»

ሰውየው መብራቷን ቀስ ብሎ አስቀመጣት። እናቴን አላያትም። «ትናንት ነው ያልሽው?» አለኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ማገዶው ሲናድ የተሰማኝ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሙሉጌታ አቧራውን ከፀጉሩ እያራገፈ ወጣ፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ሄደ።

እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች፤ አንድ ቀን ከእንግዲህ እንዳታመጪ አሏት፤ ልብሱን ብቻ ይዛ ተመለሰች። የት እንደተቀበረ የነገረን የለም።

እኔን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ያን ዕለት ማታ እግሬን አጥባ፣ አብልታ፣ አቅፋኝ ተኛች። ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ መጥቶ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ፣ አፌን ሳልከፍት እሷ ትመልስልኝ ነበር። አድጌ፣ ተድሬ፣ ልጅ ወልጄም እንደዚያው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ላይ ሰው ሲያናግረኝ እጇ ጉልበቴ ላይ ያርፍ ነበር። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ሳንነጋገር ቀረን፤ እኔም ይቅር ብለሽኛል ወይ ብዬ ሳልጠይቃት ቀበርኳት።