ወንዝ የወሰደው ባና

እርጥብ የበግ ጸጉር በሸተተኝ ቁጥር ከቀያችን በታች ያለው ወንዛችን ትዝ ይለኛል።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ እየጮኸ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለነውን ይለያየን ስለነበር፣ እናቴ ቤት ውላ የበጎቻችንን ጸጉር ስትፈትል ትከርም ነበር። ሸማኔው ፈትሉን ሠርቶ ባና አድርጎ ሲመልስልን፣ ያ ወፍራም የብርድ ልብስ እንዲጠብቅ ወንዝ ወርዶ በእግር መረገጥ ነበረበት። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ በእንዶድ ሲረግጡ፣ ሐሜቱም ሳቁም እዚያው ነበር፤ ማን ማንን እንዳጨ ከወንዙ ዳር ቀድሞ የሚሰማበት ቦታ አልነበረም።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ለጥር በተቆረጠበት ዓመት፣ እናቴ እህቴ ይዛው የምትዳረውን ባና ለማድረስ ቸኩላ፣ የመስከረሙ ውሃ ሳይጎድል ይዛኝ ወረደች። ረግጣ ጨርሳ ልታለቀልቀው ስትዘረጋው «ጫፉን ያዢ፣ እንዳትለቂው!» አለችኝ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ለሴቶቹ ወሬ ሰጥቼ ኖሮ፣ ውሃው ከእጃችን መንጭቆት ሄደ። እናቴ እየጮኸች ዳር ዳሩን ብትሮጥም አልደረሰችበትም።

«ልጄን ባዶ እጇን ልድራት ነው?» ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ለማልቀስ እንኳ አፈርኩ። በጎቹ እንደገና የሚሸለቱት ከሠርጉ በኋላ ነበር።

በአገራችን ወንዝ ያመጣውን ዕቃ ያገኘ ሰው ዛፍ ላይ አድርቆ፣ በገበያ ቀን ባለቤቱን ይጣራ ነበር። የዚያን ሳምንት ገበያ መሀል አንድ የማናውቃቸው የቆላ ሽማግሌ ባናችንን ትከሻቸው ላይ ጥለው «የላይ ቤቶች! ባና የሄደበት አለ?» ሲሉ ሰምቼ፣ እናቴን እየጎተትኩ ሮጥኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» ብላ እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ፣ እጇን ይዘው አነሷት።

«ኧረ ተይ ልጄ! የእኛንስ ከታች ያሉት ይመልሱልን የለ?»

እህቴ በጥር ባናዋን ይዛ ተዳረች።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃው በቧንቧ ቤቴ ድረስ ይመጣል፣ ምቾቱን አልክድም። እነዚያ የወንዝ ዳር ሰዎች ግን ይናፍቁኛል። ባለፈው ሳምንት የልጄ ሹራብ ከማስጫው ገመድ ወድቆ ከታች ካለው ቤት በረንዳ ላይ አረፈ። ወርጄ በሩ ፊት ቆምኩና፣ ማን ብዬ እንደምጠራ ስላላወቅሁ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።