በሙሉ ድምፅ የተወገዘው የጎማ ቀለበት

ዛሬ እዚህ ፍኖተ ሰላም የእህቴ ልጅ የመኪናዬን የዘይት ፊልትሮ ራሱ ቀይሮ ሞተሩን ቢያስነሳው፣ ዘይቱ እንደ ምንጭ ተንዠቀዠቀ።

«ፊልትሮው ፎርጅድ ነው!» ብሎ ባለሱቁን ሊጣላ ተነሣ።

«ቆይማ፣ የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንዳይሆን» አልኩት። ፈተን ብናየው እውነትም እላዩ ላይ ነው አዲሱን የደረበው፤ ሁለት ጎማ ሲደራረብ ደግሞ ዘይት ያፈሳል።

ይህን በሽታ የማውቀው በደርግ ጊዜ ቡሬ ስሠራ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ራስን መቻል ሊያስተምረን ሰብስቦን የሥራ መኪናችንን ፊልትሮ በገዛ እጁ ቀየረ። አጨበጨብን። (ለማጨብጨብ ማን ብሎን!) መኪናዋ ከከተማ ሳትወጣ ዘይቷን ዘርግፋ ቆመች።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። «ይህ አሻጥር ነው! አሻጥረኛው ይጋለጥ!»

ዓይን ሁሉ ወደ ሹፌሩ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። ያኔ በዚህ ስም የተጠራ ሰው ቤቱ አያድርም።

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሡና ከኪሳቸው ጥቁር የጎማ ቀለበት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ጓድ፣ አሻጥረኛውን ይዤዋለሁ። ፊልትሮው ሲቀየር መውለቅ የነበረበት አሮጌ ጎማ ነው፤ ሞተሩ ላይ ተደብቆ ተገኘ።»

ካድሬው ቀለበቱን አየ፣ እጁን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ «አብዮታዊ ንቃት ማለት ይህ ነው!» ብሎ አጨበጨበ።

ቀለበቱ በሙሉ ድምፅ ተወገዘ። ማን እንደተወው የጠየቀ አልነበረም።

የእህቴ ልጅም ይኸው እጁን እየታጠበ «ቢሆንም ፊልትሮው ፎርጅድ ነው» ይላል። በዚያ ዘመን ቢሆን ጥሩ ካድሬ ይወጣው ነበር።

እናንተ ዘንድስ፣ የአለቃ ጥፋት ተሸክሞ የተወገዘ ዕቃ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።