ሦስቱም «ዋርካ ነኝ» ያሉበት ሳምንት

የእህቴ ልጅ ሙሉቀን እዚሁ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ምሳ ልበላ ብሄድ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። የሆቴሉ ባለቤት «አምስቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ» ስላለው፣ የእንግዳ መቀበያውን ኮምፒውተር የማስተካከያ ፋይል እንዳለ በሌሎቹ ላይ ገልብጦታል። ከዚያ ወዲህ የወጥ ቤቱ ትእዛዝ እንግዳ መቀበያው ላይ ይታተማል፤ አምስቱም ራሳቸውን በአንድ ስም ስለሚጠሩ የትኛው ምን እንደላከ አይታወቅም።

«ስማቸውንም ገለበጥከው?» አልኩት።

«እንዳለ ገልብጥ ተባልኩ፣ እቴቴ።»

ሹሮው እስኪቀዘቅዝ ሳቅሁ። ከዚያ ንዴቱ መጣብኝ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ያ ንዴት ገና አልበረደልኝም።

በደርግ ጊዜ፣ ዝናብ በከዳን ዓመት፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የእርዳታ እህል የሚራገፍባቸው ሦስት መጋዘኖች ነበሩን፤ ላሊበላ፣ ፍላቂትና ወገል ጤና። በእያንዳንዳቸው አንድ የመገናኛ ሬዲዮ፣ በየሬዲዮው ክዳን ላይ ደግሞ እኔ የጻፍኩት ካርድ ነበር። የመጥሪያው ሰዓትና የሞገዱ ቁጥር ለሦስቱም አንድ ነው። የመጨረሻው መስመር ግን የየራሳቸው የጥሪ ስም ነበር። የቦታ ስም በአየር ላይ መጥራት ክልክል ስለነበር እኛ ዋርካ፣ ፍላቂት ጥድ፣ ወገል ጤና ኮሶ ተብለን እንጠራ ነበር።

አንድ ነገር ሲለወጥ መጀመሪያ በደብተሬ እጽፈዋለሁ፤ የጋራውን በአንድ ገጽ፣ የየጣቢያውን በየገጹ። ከዚያ በሬዲዮ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱም ካርዳቸውን ያርማሉ። ማንም አላስተማረኝም። በዚያ በፍላቂት ብርድ፣ በእህል መኪና ላይ ኬሻ ተከናንቤ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ስመላለስ ያወጣሁት ዘዴ ነው። ዛሬም እኮራበታለሁ፤ ለምን አልኮራ?

ታዲያ አንድ ቀን ጓድ ታደሰ የሚባል አዲስ ኃላፊ ተሾመብን። ካርዶቹ እንደሚለያዩ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሦስት ሬዲዮ፣ ሦስት ዓይነት ካርድ? ይሄ ሥርዓት አልበኝነት ነው። የላሊበላው ካርድ በካርቦን ተገልብጦ ይላክ። አንድ ፊደል እንዳይነካ!»

«ጓድ፣ የመጨረሻው መስመር እኮ የኛ ስም ነው» አልኩት።

«አንድ ፊደል አልኩ!»

ዝም አልኩ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም። ካርዱ ማኅተም ተመቶበት ሄደ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚደፍር አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ሦስቱም ጣቢያዎች «ዋርካ ነኝ» ማለት ጀመሩ። «ዋርካ፣ ዋርካ፣ ዋርካ ይጠራሃል!» እኔ ግን ድምፃቸውን አውቃለሁና ማን ማን እንደሆነ እለይ ነበር።

በዚያው ቀን ንፋስ የአንቴናውን ሽቦ ጣለውና ላስተካክል ከአሸተን ማርያም በታች ካለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ጓድ ታደሰ ራሱ ሬዲዮው ላይ ተቀመጠ። ይጠብቅ የነበረው ወገል ጤናን ነው፤ ከዋናው መጋዘን በቀጥታ ሊላክለት የነበረው እህል ካልደረሰው የእኛ መኪና ሊሄድለት ነበር። ሽቦው እንደተቀጠለ «ዋርካ ነኝ፣ እህሉን ተረክበናል» የሚል ድምፅ መጣ። ተናጋሪው፣ ኋላ እንደታወቀው፣ የፍላቂቱ ባየው ነበር። ጓድ ታደሰ ግን «ወገል ጤና ተረክቧል» ብሎ ጻፈ፤ ለወገል ጤና ሊሄድ የተጫነው መኪናም እንዲቆም አዘዘ።

በማግስቱ ጠዋት የወገል ጤናው ሰዒድ ጠራ። ድምፁ ተሰባብሯል።

«ወላሂ አንድ ኬሻ አልደረሰኝም! ሰዉ በሩ ላይ ወድቋል። ኧረ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ያ መኪና የት ቀረ?»

ጓድ ታደሰ መነጋገሪያውን ከእጄ ነጠቀኝ። «ትናንት ተረከብኩ ብለህ ዛሬ ትክዳለህ? የሕዝብ እህል የት አደረስክ?» አለና በሩ ላይ ወደቆሙት ሁለት ወታደሮች ዞሮ «ሄዳችሁ አምጡልኝ» አላቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው መመለሱ አጠራጣሪ ነበር።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ካርዱን ከነማኅተሙ ከክዳኑ ላይ ገንጥዬ ፊት ለፊቱ ቀደድኩት። መነጋገሪያውንም መልሼ ነጠቅሁት።

«ሁላችሁም ስሙ! ያንን ካርድ አንሱት። ባየው፣ አንተ ጥድ ነህ፤ ሰዒድ፣ አንተ ኮሶ ነህ፤ ዋርካ እኛ ነን። ጥድ፣ ትናንት ተረክበናል ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምነው?» አለ ባየው።

ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። መኪናው ከእኩለ ቀን በፊት ወደ ወገል ጤና ተነሳ፤ ሰዒድንም የነካው የለም።

እኔን ግን አልማሩኝም። ማኅተም ቀድጃለሁና በስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ጽፌ ይዤ ቆምኩ፤ ጮክ ብዬም አነበብኩት። ለዚያች ወረቀት አስራ አምስት ቀን ታሰርኩ፣ ከሬዲዮውም ተነሳሁ።

ሙሉቀን ይህን ሰምቶ «ባለቤቱ ቢቆጣኝስ?» አለኝ። ይቆጣ፣ አልኩት። የጋራውን በአንድ ገጽ፣ የየራሳቸውን በየገጹ ጽፈህ ዛሬውኑ ስማቸውን መልስላቸው። እኔ ያን ቀን በስብሰባው ፊት ያነበብኩት እንዲህ ይል ነበር፦ «ጥፋቴ ካርዱን ዘግይቼ መቅደዴ ነው። ገና ሳይላክ መቅደድ ነበረብኝ።» ዛሬም አንብቢ ብባል አነበዋለሁ፤ አንድ ፊደል ሳይነካ።