ኖሪን መኪናውን ያስነሳች ቀን

ክላይቭ ኖሪንን ሲያገባት «የአውስትራሊያን ባሕር ዳርቻ ሁሉ አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር፤ ቃሉንም ጠብቋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየዓመቱ የገና በዓል ሲያልፍ፣ በበጋው ሙቀት፣ ድንኳን የሚዘረጋበትን ተሳቢ ከመኪናው ኋላ ያስርና ሰው እምብዛም ወደማይደርስባቸው የጠረፍ ፓርኮች ይዟት ይሄዳል። እሱ ይነዳል፤ ሸራውን መወጠር፣ ካስማ መትከል፣ ምድጃ ማውጣት የእሷ ነው። ክላይቭ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ቢራውን እየጠጣ ያርማታል።

«ሸራው ተንጋድዷል አንቺ ገልቱ! ዕድሜ ልክሽን አንድ ገመድ መወጠር ያቅትሽ?»

ሌሎች ሰፋሪዎች ሲኖሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እነሱ ይስቃሉ። ኖሪንም አብራ ትስቃለች፤ ካልሳቀች፣ በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚመጣባትን ታውቀዋለች።

ልጅ አልወለዱም። ያለቻት ቲሊ ናት፤ ከድመት የማትበልጥ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ ውሻ። ፓርኩ ውሻ ስለማያስገባ የዚያን ዓመት እህቷ ዘንድ ልትተዋት አሰበች።

«ለውሻ ብዬ ግማሽ ቀን ልንዳ? ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቂያት» አላት ክላይቭ።

መግቢያው ላይ ቀይ ሰሌዳ ቆሟል፤ ለቀበሮ መግደያ በመርዝ የተነከረ ሥጋ ተበትኗል ይላል። ኖሪን ጮክ ብላ አነበበችለት።

«ማንበብ እችላለሁ» አለና ነዳ።

ከዚያ ወዲያ ቲሊን ከራሷ ወገብ ጋር በገመድ አስራ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ግን ዕቃ ልታጥብ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ከካስማው ጋር አሰረቻት። ስትመለስ ገመዱ ብቻውን ተጋድሟል።

«ስታላዝን አላስተኛ አለችኝ። ለቀቅኳት» አለ ክላይቭ።

ቁጥቋጦ መሐል አገኘቻት፤ አረፋ ደፍቃ፣ እየጮኸች፣ እግሮቿ በአየር ላይ ይሮጣሉ። ኖሪን አቅፋት ተቀመጠች። የእንስሳት ሐኪም ከሚገኝበት ከተማ ብትበር እንኳ አትደርስም። ክላይቭ መጥቶ ከበላይዋ ቆመ።

«ይሄን ጩኸትማ ቁጭ ብዬ አልሰማም። ምሳ ምን አለ?»

የዓሣ መንጠቆውን አንስቶ ወደ ባሕሩ ወረደ።

ቲሊ እኩለ ቀን ላይ ዝም አለች። ኖሪን በአካፋ አሸዋውን ቆፍራ ቀበረቻት፤ እጇን ታጥባም የክላይቭን ምሳ ሠርታ ከደነችው። ከዚያ ተሳቢውን ከመኪናው ፈታች፣ አሸዋው እንዳይውጣቸው የመኪናውን ጎማዎች በጥቂቱ አስተነፈሰች፣ በዚያ ጠረፍ ብቸኛ መገናኛቸው የሆነውን የሳተላይት ስልክ ይዛ መኪናውን አስነሳች። በአጠገቡ ስታልፍ ልትወስደው የመጣች መስሎት እጁን አወዛወዘ።

«ቀስ በይ አንቺ! ታሰምጪዋለሽ! ወዴት ነው?»

«ቤቴ።»

ሳቀ። «እስኪመሽ እያለቀስሽ ትመለሻለሽ!»

አልተመለሰችም። ለማንም አልተናገረችም። በዚያ ሙቀት ማንም ወደዚያ አይሄድም። ክላይቭ በኩራት ጠበቃት፤ የውሃ በርሜሉ ሲነጥፍ በእግሩ ተነሣ። ዓሣ አጥማጆች ጨዋማው ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ምላሱ አብጦ አገኙት። ነፍሱ ተረፈች፤ ኩላሊቶቹ ግን አልዳኑም።

ፖሊሶች ጠየቋት። «ውሃ ነበረው፣ ጥላ ነበረው፣ ምሳውንም ሠርቼለት ነው የሄድኩት» አለቻቸው። ክላይቭ ከሆስፒታል «ትምጣልኝ» ብሎ ላከባት፤ አልሄደችም። ዛሬ ወንድሙ ጓሮ ባለች ክፍል ይኖራል፤ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ቀን እህቷ ሻይ እየቀዳች «ግን ኖሪን፣ አይጸጽትሽም?» አለቻት።

ኖሪን ሻይዋን አማሰለች።

«ይጸጽተኛል» አለች፤ «ውሃውን መተዌ።»

እህቷ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም።